መዝገቡ ቤተ ክርስቲያኑ ውስጥ የለም

ከአሜሪካም ሆነ ከአውስትራሊያ መጥቶ የቅድመ አያቶቹን የእንግሊዝ መንደር ማየት የሚፈልግ እንግዳ ይዛችሁ የምትወጡ ሹፌሮችና አስጎብኚዎች፣ ጉዞው የሚበላሽባችሁ አብዛኛውን ጊዜ ቅደም ተከተሉን ስትስቱ ነው። እንግዳው ቄሱ የቆየውን መዝገብ ከሣጥን አውጥተው የሚያሳዩት ስለሚመስለው በቀጥታ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ውሰዱኝ ይላል። ነገር ግን በ1978 (ዓመቶቹም ወራቱም ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው) በወጣው ሕግ ምክንያት የአብዛኞቹ አጥቢያዎች የቆዩ መዛግብት ወደየካውንቲው ቤተ መዛግብት ገብተዋል። ስለዚህ ቤተ መዛግብቱ ይቅደም፤ መንደሩ ይከተል። ብዙዎቹ ቤተ መዛግብት ያለ ቀጠሮ ስለማያስተናግዱ ቀድማችሁ ደውሉ።

የጥምቀት፣ የጋብቻና የቀብር መዝገብ እንዲያዝ የታዘዘው በ1538 ነው፤ ትእዛዙን ያወጣው የሄንሪ ስምንተኛ ሹም ቶማስ ክሮምዌል ነበር። ከ1813 ጀምሮ የጥምቀት መዝገቡ በታተመ ቅጽ ስለሚሞላ የአባትየው ሥራና የመኖሪያ ቦታው ጭምር ይገኝበታል። እንግዳችሁ ቅድመ አያቱ አንጥረኛ ይሁን የቀን ሠራተኛ የሚያውቀው ከዚያ ነው።

የዘመን አቆጣጠሩን ነገር ለእንግዳው ቀድማችሁ አስረዱት። እስከ 1752 ድረስ እንግሊዞች ዘመን የሚለውጡት መጋቢት 25 ቀን ነበር። መዝገቡ ወላጆቹ በግንቦት 1720 ተጋቡ፣ ልጁ በየካቲት 1720 ተጠመቀ ቢል፣ ልጁ ከጋብቻ በፊት የተወለደ ይመስላል። ያ የካቲት ግን በዛሬው አቆጣጠር የ1721 ነው፤ ከሠርጉ ዘጠኝ ወር በኋላ ማለት ነው። በመስከረም ዘመን ለምንለውጠው ለእኛ ይሄ አይከብደንም። እንግዳው ግን የቤተሰቡን ስም የሚያጠፋ ነገር ያገኘ መስሎት ቀኑን ሙሉ ሲተክዝ ይውላል።

ወደ መቃብሩ ስትሄዱ ተስፋውን ልክ አስይዙት። ድሆች በአብዛኛው ድንጋይ አልቆመላቸውም፤ ሜቶዲስት ወይም ባፕቲስት የነበረ ቤተሰብም ሌላ ቦታ ተቀብሮ ሊሆን ይችላል። ድንጋዩ ተገኝቶ ጽሑፉ ከደበዘዘ በሽቦ ብሩሽ አትፈትጉት፤ ጠመኔም ሆነ የጢም መላጫ አረፋ አትቀቡት። የአሸዋ ድንጋይ በቀላሉ ይላጣል፤ የተላጠ ፊደል ደግሞ አይመለስም። የእጅ ባትሪ ወይም መስታወት ይዛችሁ ብርሃኑን ከጎን አስጠጉት። ፊደሉ ጥላ ይጥልና በፊት ለፊት ብርሃን ያልታየው ስም ይነበባል። የአካባቢው የቤተሰብ ታሪክ ማኅበርም የመቃብር ጽሑፎቹን ገልብጦ አስቀምጦ ሊሆን ስለሚችል አስቀድማችሁ ጠይቁ። ድንጋዩ ዛሬ ባይነበብም ቅጂው ላይ ስሙ ሊኖር ይችላል።

ቤተ ክርስቲያኑ ውስጥ ጊዜ ብትሰጡት የማይባክንባችሁ ቦታ የመጠመቂያው ገንዳ ነው፤ በብዙ አጥቢያዎች ከሕንፃው የሚበልጥ ዕድሜ ስላለው የእንግዳው ዘመዶች የተጠመቁበት ራሱ ሊሆን ይችላል። በ1914–18 ጦርነት የሞቱትን ስም የያዘውንም ሰሌዳ አሳዩት።

የገጠር ቤተ ክርስቲያን ተቆልፎ መገኘቱ የተለመደ ነው። የቁልፍ ያዡ ስልክ ብዙውን ጊዜ በመግቢያው ላይ ይለጠፋል፤ እዚያ ደርሶ ከመደወል ግን ከሁለት ሦስት ቀን በፊት መነጋገር ይሻላል። እሑድ ጠዋት የአምልኮ ሰዓት ስለሆነ አትሂዱ። ስትወጡ ለሕንፃው ጥገና በተቀመጠው ሣጥን ውስጥ አንዳች ነገር ጣሉ፤ ጣሪያውን የሚያስጠግኑት በአብዛኛው እነዚያው ጥቂት የመንደሩ ሰዎች ናቸው።