«ወላጅ ይዘሽ ነይ» ከማለትሽ በፊት

የወንድሜ ልጅ፣

ጡረታ እስክወጣ ጠመኔ የጨበጥኩበት ትምህርት ቤት የሳይንስ መምህርት ሆነሽ መመደብሽን ስሰማ ደስታው ሌሊቱን እንቅልፍ ነሳኝ። ወላጆች ወደ ክፍልሽ እንዲመጡ ምን ላድርግ ብለሽ ነበር። የደረሰብኝን ልንገርሽ።

1. በእኛ ትምህርት ቤቶች «ወላጅ ይዘህ ና» የቅጣት ስም ሆኗል። ልጁ ሲሰማ ይደነግጣል፤ አባቱም «ደግሞ ምን አጠፋ?» እያለ ይመጣል። የመጀመሪያው ጥሪሽ የክስ አይሁን። ከቻልሽ አንቺው ሂጂ፣ ቡና ሲፈላ ድረሺ። ቡና ላይ የሚወራው ስብሰባ ላይ አይወራም።

2. አንድ ጊዜ ስለ መብላላት ሳስተምር የአንዱን ተማሪ እናት ቡሃቃና እርሾ ይዘው ክፍል እንዲመጡልኝ ለመንኳቸው። «ፊደል ያልቆጠርኩ ሰው ምን ላስተምር?» እያሉ መጡ። ጤፉን አቦኩት። በሦስተኛው ቀን ተመልሰው ያቀረረውን ውሃ ቀነሱ፤ ከሊጡ ጥቂት ወስደው በፈላ ውሃ አበሰሉና መልሰው ጨመሩበት። «ያለ አብሲት እንጀራ ዓይን አያወጣም» አሉ። ልጆቹ አፋቸውን ከፍተው ያያሉ። እኔ ግን «ዓይን የሚያወጣው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነው እንጂ አብሲት አይደለም» ብዬ በገዛ ልጃቸው ፊት አረምኳቸው። ከዚያ ወዲህ ግቢውን አልረገጡም።

የሚያንገበግበኝ ደግሞ እሳቸውም ልክ መሆናቸው ነው። ጋዙን የሚፈጥሩት እርሾው ውስጥ ያሉት ደቂቅ ሕዋሳት ናቸው፤ የበሰለው አብሲት ግን ሊጡን አያይዞ ጋዙን እንዲይዝ ያደርገዋል፣ ለሕዋሳቱም ቀለብ ይሆናል። አንቺ ልጆቹ የሊጡን ኩፍ ማለት በየቀኑ በማስመሪያ እንዲለኩ አድርጊ። በክረምት ለምን እንደሚዘገይ መጀመሪያ እናቶቻቸውን ይጠይቁ፤ ስለ ሙቀት አንቺ ከዚያ በኋላ ትናገሪያለሽ። ቅደም ተከተሉን አደራ።

3. በገበያ ቀን ጠርተሽ «ወላጁ ግድ የለውም» ብትይ ግድ የሌለሽ አንቺ ነሽ። አጨዳና ውቂያ ባለበት ወራትም እንዲሁ። ሞፈር በማይነሳበት በዓል፣ በ12 ወይም በ21፣ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ብትጠሪ ይመጣሉ።

4. ሥዕልና ሙዚቃን ከሳይንሱ ጋር ስታያይዢ ይከብድሻል። «ሥዕል እንጀራ ይሆናል ወይ?» ይሉሻል፤ «አዝማሪ ልታደርጊብኝ ነው?» የሚልም አይጠፋም። አትሳቂ። ልጁን ለ12ኛ ክፍል ፈተና ለማድረስ በሬውን የሸጠ ሰው ስጋቱ የእውነት ነው። አለ ፈለገሰላም ኅሩይ በ1950 ዓ.ም. ያቋቋሙት የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ዛሬ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሥር በዲግሪ እንደሚያስመርቅ ንገሪው፤ ከዚያ በላይ አትከራከሪው። ይልቅ ሸማኔውን አባት ጋብዢ። ጥለት ሲጥል ድሩን እየቆጠረ ነው፤ ግራና ቀኙ እኩል የሚወጣው በስሌት ነው። መሶብ ሰፊዋም በስንደዶና በአክርማ ስትሰፋ፣ ዙሩ በሰፋ ቁጥር ስፌቱ ምን ያህል እንደሚጨምር እጇ ያውቀዋል። ልጆቹ መጀመሪያ ይሣሉት፣ ከዚያ ይቁጠሩት። (ጥበብ የምንለው ቃል ዕውቀቱንም የቀሚሱንም ጥለት መሸከሙ በከንቱ አይመስለኝም።)

5. የወላጆች ቀን ከ1 እስከ 3 ለወጡት ብቻ ሽልማት ሲታደል፣ የ40ኛው ልጅ እናት ለማን ልታጨበጭብ ትምጣ? እያንዳንዱ ልጅ የሠራውን ይዞ ለገዛ ወላጁ ያስረዳ። ጠረጴዛ ካነሰ ሰሌን አንጥፉ።

6. በዚያ ቀን መዋጮ አይነሳ። ርዕሰ መምህሩ ቢቆጣም።

7. እኒያ የአብሲቷ እናት ዛሬም አሉ። የልጅ ልጃቸው ዘንድሮ 5ኛ ክፍል ገብታለች፤ አንቺ ታስተምሪያት ይሆናል። ቤታቸው ሄደሽ አብሲት ለምን እንደሚጣል ጠይቂያቸው፤ እስኪጨርሱ ድረስ አትናገሪ። እኔ እንደላክሁሽ ግን አትንገሪያቸው።