መርዘኛ ፍሳሽን የሚመገቡ ረቂቅ ተሕዋስያን
ለጋራዥ፣ ለነዳጅ ማደያና ለፋብሪካ ባለቤቶች የሚጠቅም ትምህርት

ውቤ በረሃ በጠጅ ቤቶቹ በታወቀበት ዘመን፣ ጠጅ ጣይዋ ማሩን በውሃ በጥብጣ፣ ጌሾውን ጨምራ፣ ጋኑን ከድና ትጠብቅ ነበር፤ ማሩን ወደ ጠጅ የሚለውጡት ግን በዓይን የማይታዩ ረቂቅ ተሕዋስያን ነበሩ። የእንጀራው እርሾም ሥራ እንደዚሁ ነው። ለእነዚህ ፍጥረታት ስኳርና ዱቄት ምግብ እንደ ሆነ ሁሉ፣ በአፈርና በውሃ ውስጥ ከሚኖሩት ባክቴሪያዎች አንዳንዶቹ ናፍጣን፣ ቤንዚንንና የሞተር ዘይትን ይመገባሉ። ይህ ዕውቀት ዛሬ የተበከለን መሬትና ውሃ ለማጽዳት የሚያገለግል ጥበብ ሆኗል።

ጉዳዩ ለአራዳ ነጋዴ ሩቅ አይደለም። በራስ መኮንን ድልድይ ሥር የሚወርደው ውሃ በመጨረሻው ከትልቁ አቃቂ ጋር ተቀላቅሎ ወደ አባ ሳሙኤል፣ ከዚያም ወደ አዋሽ ይሄዳል። በአቃቂ ዳር ያሉ ገበሬዎች በዚሁ ውሃ ጎመንና ሰላጣ ያለማሉ፤ ምርቱም ለከተማው ገበያ ይቀርባል። አትክልት ተራ እስከ 2012 ዓ.ም. ድረስ በፒያሳ አጠገብ ስለ ነበረ፣ ከአራዳ ጋራዥ ወደ ቦይ የፈሰሰው ነገር በአትክልቱ ተመልሶ ወደ አራዳ ማዕድ ለመግባት መንገድ ነበረው። ገበያው ከስፍራው ቢነሣም የውሃው መንገድ ያው ነው።

የባክቴሪያዎቹ አሠራር እንደሚከተለው ነው። ነዳጅና ዘይት ከካርቦንና ከሃይድሮጅን የተገነቡ ናቸው። ባክቴሪያው ይህን ግንባታ ጥቂት በጥቂት እየፈታ ኀይል ያገኝበታል፤ በቂ አየር ሲያገኝም በመጨረሻ የሚተርፈው ውሃና የካርቦን አየር ነው። ለዚህ ሥራ ግን አየር፣ እርጥበት፣ ሙቀት፣ እንዲሁም ናይትሮጅንና ፎስፎረስ ያስፈልጉታል። ከእነዚህ አንዱ ከጎደለ ሥራው ይዘገያል ወይም ይቆማል። ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ባለው በአራዳ የሌሊቱ ብርድ ሥራውን ማዘግየቱ ስለማይቀር፣ ትዕግሥት ያሻል።

ለዚህ ታላቅ ምስክር የሚሆነው በ1981 ዓ.ም. (በአውሮፓ አቆጣጠር በ1989) በአላስካ የደረሰው አደጋ ነው። ኤክሶን ቫልዴዝ የተባለው ነዳጅ ጫኝ መርከብ ከባሕር ውስጥ ዐለት ጋር ተጋጭቶ ከጭነቱ ከፊሉ በባሕሩ ላይ ፈሰሰ። በዚያን ጊዜ ከተወሰዱት እርምጃዎች አንዱ በዘይት በተሸፈነው ዳርቻ ላይ ናይትሮጅንና ፎስፎረስ ያለበትን ማዳበሪያ መርጨት ነበር። ዘይቱን የሚበሉት ባክቴሪያዎች ቀድሞውኑ በስፍራው ነበሩ፤ የጎደላቸው ይህ ማዳበሪያ ነበር።

በዘይት የተበከለ የጋራዥ ግቢም በዚሁ ዘዴ ሊታከም ይችላል። አፈሩ ተቆፍሮ፣ ወደ መሬት በማያሰርግ ወለል ላይ በስሱ ይዘረጋል፤ ፍግ ወይም ማዳበሪያ ይደባለቅበታል፤ እርጥበቱ እየተጠበቀ አየር እንዲገባው በየጊዜው ይገላበጣል። ሥራው ወራት ይፈጃል፤ መጨረሻውም በላቦራቶሪ ምርመራ መረጋገጥ አለበት።

ይሁን እንጂ ባክቴሪያ የማይችለው ነገር አለ። እርሳስ፣ ካድሚየምና ክሮሚየም ብረቶች ስለ ሆኑ ተበልተው አያልቁም። አንዳንድ ባክቴሪያዎች እጅግ መርዘኛ የሆነውን የክሮሚየም ዓይነት ጉዳቱ ወደሚያንስ ዓይነት መለወጥ ቢችሉም፣ ብረቱ ግን እዚያው ይቀራል። የቆዳ ፋብሪካ ፍሳሽ ሁለቱንም ያስረዳል። ከቆዳው የሚወጣውን ሥጋና ስብ፣ ከዚያም የሚመጣውን ናይትሮጅን ባክቴሪያዎች ያስወግዱታል፤ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎችም በሞጆ ቆዳ ፋብሪካ ይህን ዘዴ በሥራ ላይ አውለው አጥንተውታል። ክሮሚየሙ ግን አስቀድሞ ለብቻው ተጠራቅሞ፣ እንደ ኖራ ባለ ነገር እንዲዘቅጥ ተደርጎ መለየት ይኖርበታል። በአሲድ ሟሙቶ ለማልፊያ ዳግመኛ ስለሚያገለግልም ለባለ ፋብሪካው ገንዘብ ነው።

ስለዚህ የትምህርቱ ፍሬ አንድ ነው፤ ፍሳሽን ከምንጩ መለየት ያስፈልጋል። የተቃጠለ ዘይት በበርሜል ይጠራቀም እንጂ አፈር ላይ አይደፋ፤ የባክቴሪያ ሥራ ያመለጠውን ጥቂት ማጽዳት ነውና። የባትሪ አሲድና እርሳስ ከዘይቱ ጋር አይደባለቁ። ወደ ከተማው የፍሳሽ መስመርም አይለቀቁ፤ በቀን 100,000 ሜትር ኩብ እንዲያጣራ የተሠራው የቃሊቲ ጣቢያ የሚሠራው በእነዚሁ ረቂቅ ፍጥረታት ነውና፣ አሲድና መርዝ የደፋ ሰው የከተማውን ሠራተኞች እንደ ገደለ ይቆጠራል።

የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 ብክለት ያደረሰ ሰው እንዲያጸዳ ወይም የማጽጃውን ወጪ እንዲከፍል ያዛል። ዘይቱን የሚያጠራቅምበት በርሜል ዋጋና የተበከለ ግቢ የሚጸዳበት ወጪ ሲተያዩ፣ ሒሳብ ለሚያውቅ ነጋዴ የትኛው እንደሚቀል ግልጽ ነው።