የአባይ መነሻ አፈር፦ ድሮና ዘንድሮ

ጥያቄ፦ የጎጃም ደጋ ተወላጅ ነኝ። ሽማግሌዎቻችን ወንዙ ድሮ እንዲህ አይደፈርስም ነበር ይላሉ። እውነት የአፈር መከላቱ ብሷል?

መልስ፦ አዎ፣ ብሷል፤ በሁሉም ቦታ ግን እኩል አይደለም። ደምበጫ አካባቢ በተደረገ ጥናት የተፈጥሮ ደን በ1957 እ.ኤ.አ. ከመሬቱ 27 በመቶ ይሸፍን ነበር፤ በ1995 የቀረው 0.3 በመቶ ብቻ ነበር። የእርሻው መሬት ከ39 ወደ 77 በመቶ አደገ። ገደላ ገደሉ ሳይቀር ታረሰ ማለት ነው።

ጉዳቱ የሚከፋው ክረምት ሲገባ ነው። ለጤፍ ተደጋግሞ የታረሰ ማሳ በሰኔና በሐምሌ ራቁቱን ዝናብ ይቀበላል፤ ጎርፉም ለም የሆነውን የላይኛውን አፈር ጠርጎ ይወስዳል። ነሐሴ ላይ ሰብሉ መሬቱን ሲሸፍን፣ ዝናቡ ገና ሳይቀንስ፣ የወንዙ ደለል ይቀንሳል። ስለዚህ የውሃውን መልክ ሲያዩ ወሩንም ልብ ይበሉ።

መከላቱን መቀነስ ግን ይቻላል። በ1980ዎቹ አጋማሽ እ.ኤ.አ. እዚያው ደምበጫ አካባቢ፣ አንጀኒ ላይ የተሠሩት እርከኖች ከዓመት ዓመት አፈር እየያዙ ቁልቁለቱን አስተካክለዋል። ቦረቦርን ግን እርከን ብቻውን አይገታውም፤ ክትር ይሻል። በአዊ ዞን፣ ፋግታ ለኮማ ወረዳ፣ ገበሬው ለከሰል ብሎ የተከለው የዲከረንስ ዛፍ ብዙ የተራቆተ መሬት መልሶ አልብሷል፤ ይህን እንደ ትልቅ ተስፋ አየዋለሁ።

እባክዎ፣ እርከንዎን በበጋ ይጠግኑ፤ ከብትም አይልቀቁበት።