ሙያ ይዞ በሰው አገር ሥራ ስለ መፈለግ

ሰው ከአገሩ ሲወጣ ቤቱንና ርስቱን፣ ወላጆቹንና ጎረቤቶቹን ትቶ ይወጣል። ሙያው ግን በእጁና በአእምሮው ውስጥ ስላለ ትቶት ሊሄድ አይችልም፤ ድንበር ጠባቂ ፈትሾ አያስቀረውም፤ ሌባም አይሰርቀውም። ይህ የሙያ ታላቅ ጥቅሙ ነው። ነገር ግን ከዚሁ ጥቅም ጋር አንድ ችግር ተያይዞ ይገኛል፤ ይኸውም በሰው ውስጥ ያለ ሙያ ለዓይን የማይታይ በመሆኑ፣ ባለቤቱን በማያውቁት ሰዎች መካከል እንደሌለ ይቈጠራል። በአገሩ ሳለ ሐኪምነቱን መንደሩ ሁሉ ያውቅለት የነበረ ሰው፣ በባዕድ ከተማ ሲቆም ስሙን እንኳ የሚያውቅ አያገኝም።

እንግዲህ በዚህ ጽሑፍ ልንመለከተው ያሰብነው፣ ሙያ ያለው መጻተኛ የሥራ ገበያ በቀዘቀዘበት ጊዜ ሙያውን ለማያውቀው አገር እንዴት ሊያስታውቅ እንደሚችል ነው። በኦሪት ሕግ ነገር ሁሉ በሁለት ወይም በሦስት ምስክር እንዲጸና መታዘዙን አንባቢዎቻችን ያውቃሉ (ዘዳ. 19፥15)። የሙያም ነገር እንዲሁ ሦስት ምስክሮች ያስፈልጉታል፤ እነርሱም ጽሕፈት፣ ሥራና ሰው ናቸው እንላለን። ስለ እነዚህ ከመናገራችን በፊት ግን የችግሩን መጠን እናስረዳ።

የችግሩ መጠን

ወገኖቻችን በብዛት ከሚኖሩባቸው የባሕር ማዶ አገሮች አንዲቱ አሜሪካ ስለ ሆነች ምሳሌያችንን ከዚያ እንወስዳለን፤ ዓመቶቹንም እንደ አውሮፓ አቈጣጠር እንጽፋለን። በ1980 የወጣው የስደተኞች ሕግ፣ ኋላም በ1990 ታውጆ ከ1995 ጀምሮ በሥራ ላይ የዋለው የዲቪ ዕጣ ለብዙ ኢትዮጵያውያን በር ከፍተውላቸዋል። የዲቪ ሕግ ዕጣ የደረሰው ሰው የ12 ዓመት ትምህርት የፈጸመ፣ ወይም ሥልጠና በሚጠይቅ ሙያ 2 ዓመት የሠራ እንዲሆን ያዝዛል። ስለዚህ በዚህ በር ከገቡት ብዙዎቹ ባዶ እጃቸውን አልገቡም። ይሁን እንጂ በሩ ወደ አገሩ የሚያስገባ ነው እንጂ ወደ ሥራ የሚያስገባ አይደለም።

ማይግሬሽን ፖሊሲ ኢንስቲትዩት የተባለው የጥናት ድርጅት በ2016 ባወጣው ጽሑፍ፣ በአሜሪካ ከሚኖሩት ኮሌጅ የጨረሱ መጻተኞች መካከል 2 ሚሊዮን ያህሉ፣ ይኸውም ከአራቱ አንዱ ያህል፣ ወይ ሥራ ያጡ፣ ወይ ከፍ ያለ ትምህርት በማይጠይቅ ሥራ የተሰማሩ መሆናቸውን አስረድቷል። በዚህም ምክንያት በየዓመቱ የሚቀርባቸውን ገቢ 39.4 ቢሊዮን ዶላር አድርጎ ገምቶታል። ከገንዘቡ የሚበልጥ ጉዳትም አለ። አንድ ሐኪም ከአገሩ ወጥቶ በሰው አገር መኪና ሲያቆም ቢውል፣ ያስተማረችው አገር አንድ ሐኪም አጣች፤ የተቀበለችውም አገር አንድ ሐኪም አላገኘችም። በሁለቱም አገር በሽተኛው ያለ ሐኪም ቀረ።

ገበያው ሲቀዘቅዝ ደግሞ ችግሩ ይጸናል። በአሜሪካ የሠራተኛ ስታቲስቲክስ ቢሮ ቍጥር መሠረት፣ በ2022 መጀመሪያ ላይ በየወሩ አዲስ የሚቀጠሩት ከ100 ሠራተኞች ከ4 በላይ ነበሩ፤ በ2025 ግን ወደ 3 ቀረቡ። በዚያው ዓመት በየወሩ ከሥራ የሚሰናበቱት ከ100 አንድ ያህል ብቻ ነበሩ። የዚህ ትርጓሜ ምንድር ነው ቢሉ፣ ሥራ የያዘው አይለቅም፤ በውጭ የቆመውም አይገባም ማለት ነው። እንዲህ ባለ ጊዜ አሠሪው ከብዙ አመልካቾች መካከል የሚያውቀውን ትምህርት ቤትና የሚያውቀውን መሥሪያ ቤት ስም የያዘውን ይመርጣል። የስምና የመልክ አድልዎም አይጠፋም፤ የአገሩ ሕግ ይህን ከ1964 ጀምሮ ይከለክላል። ብዙውን ጊዜ ግን አሠሪውን የሚይዘው የማያውቀውን ነገር መፍራቱ ነው።

ስለዚህ ሥራ ያጣውን ወገን ሰነፍ ነው ብለን እንዳንፈርድበት እንጠንቀቅ። በወንጌል ምሳሌ እስከ ዐሥራ አንደኛው ሰዓት በአደባባይ የቆሙት ሠራተኞች የቆሙት የሚቀጥራቸው ሰው ስላልመጣ ነበር (ማቴ. 20፥6-7)። ሲጠሩም ሳይዘገዩ ሄደዋል።

የመጀመሪያው ምስክር፤ ጽሕፈት

ባለሙያው አስቀድሞ ሊያውቀው የሚገባው፣ ሙያው የሥራ ፈቃድ የሚያስፈልገው መሆን አለመሆኑን ነው። በአሜሪካ ለሐኪም፣ ለነርስ፣ ለመድኃኒት ቀማሚና ለጠበቃ ፈቃድ የሚሰጠው ማዕከላዊው መንግሥት ሳይሆን እያንዳንዱ ክፍለ ግዛት ነው። ክፍለ ግዛቶቹም 50 ስለ ሆኑ፣ በሜሪላንድ የሚጠየቀው ነገር ሁሉ በቨርጂንያ ከሚጠየቀው ጋር አንድ ላይሆን ይችላል። ስለዚህ የሚኖሩበትን ቦታ ከመቍረጥ በፊት የየቦታውን ደንብ መመርመር ይገባል።

ለምሳሌ ሐኪሙ በ1956 በተቋቋመው ኢ.ሲ.ኤፍ.ኤም.ጂ. በሚባለው ድርጅት በኩል ማስረጃውን ካስመረመረና ፈተናዎችን ካለፈ በኋላ፣ በሆስፒታል ቢያንስ 3 ዓመት በሥልጠና መሥራት የተለመደው መንገድ ነው። ቴኔሲ የተባለው ክፍለ ግዛት በ2023 በውጭ አገር ለሠለጠኑ ሐኪሞች ይህን መንገድ የሚያሳጥር ሕግ አውጥቷል፤ ሌሎችም ተከትለውታል። ነርስ የትምህርት መዝገቧን አስመርምራ ኤንክሌክስ የሚባለውን ፈተና ታልፋለች። መሐንዲስ ግን በራሱ ፊርማ ንድፍ ለማጽደቅ ካልሆነ በቀር፣ ፈቃድ ባለው መሐንዲስ ሥር ሆኖ ያለ ፈቃድ ሊሠራ የሚችልበት ቦታ ብዙ ነው። የኮምፒዩተር ባለሙያም እንዲህ ያለ ፈቃድ አይጠየቅም።

ገና በአገሩ ሆኖ ለመውጣት የሚሰናዳ ሰው ይህን ልብ ይበል። የትምህርት መዝገብ መርማሪዎች ብዙ ጊዜ ማስረጃው ከትምህርት ቤቱ መዝገብ ቤት በቀጥታ እንዲላክላቸው ስለሚጠይቁ፣ ይህን ከሩቅ ሆኖ ማስፈጸም ወራት ይፈጃል። ከሠራባቸው መሥሪያ ቤቶችም የሠራውን ሥራና ዘመኑን ዘርዝሮ የሚናገር ደብዳቤ ይያዝ። የስሙ አጻጻፍ በሁሉም ወረቀት አንድ ይሁን፤ ጸጋዬ የሚለው ስም በላቲን ፊደል በአንዱ ወረቀት በ«ቲ»፣ በሌላው በ«ኤስ» ቢጀምር፣ መርማሪው ሁለት ሰዎች ናቸው ብሎ መዝገቡን ሊያግደው ይችላል። በኢትዮጵያ አቈጣጠር የተጻፈ ቀንም ተለውጦ ካልተገለጠ ባለማስረጃው 7 ወይም 8 ዓመት ቀድሞ የተመረቀ ያስመስለዋል።

ለማመልከቻ የሚጻፈውም የሕይወት ታሪክ በዚያ አገር ልማድ መሆን አለበት። የትውልድ ቀን፣ የጋብቻ ሁኔታና ፎቶግራፍ አይገቡበትም። የሚፈለገው ሰውየው የሠራው ሥራና ሥራው ያስገኘው ፍሬ ነው። በዚህ ነገር ብዙ ወገኖቻችን ይቸገራሉ፤ ራስን ማመስገን ነውር ነው ተብለን አድገናልና፣ «እኔ ሠራሁ» ከማለት «ተሠራ» ማለትን እንመርጣለን። ነገር ግን ያልሠሩትን ሠራሁ ማለት ሐሰት እንደ ሆነ ሁሉ፣ በአሠሪ ፊት ሲጠየቁ የሠሩትን መሰወርም እውነትን ማጕደል ነው። ነርሲቱ በአንድ ሌሊት 20 በሽተኞች ትጠብቅ ከነበረ 20 ትበል፤ አትጨምርም፤ አትቀንስምም። ትሕትና በእውነት ላይ የሚቆም ስለ ሆነ በእውነት ምስክርነት አይጐዳም።

ሁለተኛው ምስክር፤ ሥራ

ከአገሩ የወጣ ሰው ቢጭኑትም ቢለጕሙትም ተሸክሞ እንዲኖር የሚናገረውን የአባቶች ምሳሌ የማያውቅ የለም። ይህ ምሳሌ ትዕግሥትን ስለሚያስተምር መልካም ነው። በላብ የሚገኝ እንጀራ ሁሉ የተከበረ ነው፤ መኪና መንዳትም፣ መጋዘን መጠበቅም፣ አረጋዊ መጦርም ከልመና ያድናል፤ ቤተሰብም ያኖራል። ነገር ግን ምሳሌው ጭነቱን ለዘለዓለም እንድንወደው አያዝዝም። ሁለት ሥራ ደርቦ በቀን 16 ሰዓት የሚሠራ ሰው ለፈተና የሚያነብበት ሰዓት አይተርፈውም። አንድ ዓመት ብቻ ብሎ የጀመረው ሥራ ዐሥር ዓመት ይሆናል፤ በዚያም ጊዜ እጁ ሙያውን ይረሳል። የሐኪሞች ማሠልጠኛ ሆስፒታሎችም ከተመረቀ ብዙ ዓመት ያለፈውን ሰው ለመቀበል ያመነታሉ።

ስለዚህ የምንመክረው ይህን ነው። ለጊዜው የሚያዘው ሥራ ደመወዙ በጥቂት ቢያንስም እንኳ፣ የሚቻል ሲሆን ለሙያው የቀረበ ይሁን። ነርሷ ፈቃዷን እስክታገኝ አስፈላጊውን አጭር ሥልጠና ወስዳ የነርስ ረዳት ብትሆን፣ የሒሳብ አዋቂው በትንሽ ድርጅት የሒሳብ መዝገብ ያዥ ቢሆን፣ ሐኪሙ በሕክምና ምርምር ቦታ ረዳት ቢሆን፣ በየቀኑ የሙያቸውን ቋንቋ ይሰማሉ፤ ሥራቸውንም የሚያይ አለቃ ያገኛሉ። ያ አለቃ ነገ ምስክራቸው ነው። አማርኛችንም ራሱ በአንዳንድ ቦታ ሙያ ይሆናል። የዋሽንግተን ከተማ በ2004 ባወጣችው የቋንቋ ሕግ የከተማዪቱ መሥሪያ ቤቶች እንግሊዝኛ ለማይችሉ ሰዎች በቋንቋቸው አገልግሎት እንዲሰጡ ስለ ታዘዘ፣ አማርኛ በከተማዪቱ ከሚሠራባቸው ቋንቋዎች አንዱ ነው። በሆስፒታል የሚያስተረጕም ሰው ሥልጠና ያስፈልገዋል፤ ለሕክምና ባለሙያ ግን ይህ ከሙያው የማያርቅ እንጀራ ነው።

የእንጀራውን ሥራ የያዘ ሰው ደግሞ ወሰን ያብጅለት። በሳምንት ውስጥ ለጥናት የማይነካ ሰዓት ይለይ፤ ፈተናውን የሚቀመጥበትንም ወር አስቀድሞ ይቍረጥ።

ሦስተኛው ምስክር፤ ሰው

ቀላውዴዎስ ቄሣር አይሁድን ከሮም ባስወጣ ጊዜ፣ ትውልዱ ከጳንጦስ የሆነ አቂላ ከሚስቱ ከጵርስቅላ ጋር ወደ ቆሮንቶስ መጣ። ሐዋርያው ጳውሎስም ሙያቸው አንድ፣ ድንኳን መስፋት ስለ ነበረ፣ በቤታቸው ተቀምጦ አብሯቸው ሠራ (ሐዋ. 18፥1-3)። ሦስቱም በቆሮንቶስ እንግዶች ነበሩ። ቀድሞ የደረሰው ለኋለኛው ምግብ ሰጥቶ ብቻ አላሰናበተውም፤ ከመሥሪያው ቦታ አካፈለው እንጂ።

ይህ የጥንት ነገር ብቻ አይደለም። ማርክ ግራኖቬተር የተባለው የኅብረተሰብ ጥናት ሊቅ በ1973 ባሳተመው ጽሑፍ፣ በቦስተን አቅራቢያ ሥራ የለወጡ ባለሙያዎችን ጠይቆ ነበር። በሰው በኩል ሥራ ካገኙት መካከል ወሬውን ዘወትር ከሚያዩት ሰው የሰሙት ከ100 17 ያህል ብቻ ሆነው ተገኙ፤ የቀሩት የሰሙት አልፎ አልፎ፣ ወይም ከስንት አንድ ጊዜ ከሚያዩት ሰው ነው። ምክንያቱም ወዳጅና ዘመድ የሚያውቀውን እኛም እናውቃለን፤ በሩቅ ያለው የሚያውቀው ግን ለእኛ አዲስ ነው። ስለዚህ መጻተኛው በአገሩ ልጆች መካከል ብቻ ቢቀር የሚሰማው ያው የለመደው የሥራ ወሬ ይሆናል። ወደ ሙያ ማኅበሮች ይሂድ፤ በሙያው ቀድሞ የተቀመጠን ሰው ጐብኝቶ፣ «ሥራ ስጠኝ» ሳይሆን «እንዴት ገባህ?» ብሎ ምክር ይጠይቅ። በ2014 በወጣው ሕግ የሚደገፉት የመንግሥት የሥራ ማዕከሎች ያለ ክፍያ ይረዳሉ፤ በ1999 የተመሠረተው አፕዋርድሊ ግሎባል የተባለው ማኅበርም የተማሩ መጻተኞችን ወደ ሙያቸው ለመመለስ የቆመ ነው።

የእኛ ድርሻ

እስከዚህ ድረስ የተናገርነው ሥራ ፈላጊው ሊያደርገው ስለሚገባው ነው። ነገር ግን ለራሱ ብቻ የሚመሰክር ሰው ምስክርነቱ አይጸናም፤ ሦስተኛው ምስክር እኛ ነን። በአገር ቤት ያለን ዘመዶች፣ ገና የተሻገረውን ልጃችንን በመጀመሪያው ወር ገንዘብ ላክ ብለን ብናስጨንቀው፣ ከመጽሐፉ ነጥለን ወደ ሁለተኛው ሥራ የምንገፋው እኛ መሆናችንን እንወቅ። አንድ ሁለት ዓመት ብንታገሠው ለራሱም ለእኛም የሚበልጥ ረድኤት ይሆናል።

በባሕር ማዶ ያሉ አጥቢያዎችም ብዙ ሊሠሩ ይችላሉ። አዲስ የመጣ ወገን ፊተኛ የሚፈልገው ቤተ ክርስቲያኑን ነውና፣ ሌላ ሰው የማይጠይቀውን ጥያቄ ካህኑ ሊጠይቀው ይችላል። ሰበካ ጉባኤው የምእመናኑን ሙያ የሚይዝ መዝገብ ቢያበጅ፣ አዲሲቱ ነርስ ቀድማ ፈተናውን ካለፈችው ጋር በአንድ ቀን ትገናኛለች። በሳምንት ሁለት ምሽት ባዶውን የሰንበት ትምህርት ክፍል ለሚያጠኑ ብንከፍትላቸው የሚጠይቀን መብራትና ቍልፍ ያዥ ብቻ ነው። ወንበሩን አግኝቶ የተቀመጠ ወንድም ሁሉ ደግሞ በመሥሪያ ቤቱ ቦታ ሲከፈት ያውቃል፤ የማያውቀውን ሰው አውቃለሁ እንዲል አንጠይቀውም፤ ችሎታውን ራሱ ያየለትን ሰው ግን ስሙን ጠርቶ ለአለቃው ያስታውቅ።

እንግዲህ ካህናት አባቶቻችንና የየአጥቢያው ሽማግሎች ሆይ፣ ከቅዳሴ በኋላ በደጀ ሰላሙ አዲስ ፊት ስታዩ የመጣበትን አገርና የተሻገረበትን ዓመት ጠይቃችሁ አትተዉት። «በአገርህ ሳለህ ሥራህ ምን ነበር?» በሉት፤ መልሱንም ሰምታችሁ በዚያው ሙያ ካለ ሰው ጋር ሳታገናኙት አትለዩት።