እናት ወይም አባት የመርሳት በሽታ ሲይዛቸው፦ ሲያትል ላይ ቦታ መምረጥና መክፈል

ሰሞኑን ከሲያትልና አካባቢው ከምትልኩልኝ ጥያቄዎች በጣም የሚደጋገመው ይሄ ነው፦ «ዶክተር፣ እናታችን የመርሳት በሽታ አለባት ተብለናል። እኛ ሥራ ነው የምንውለው። ሜሞሪ ኬር ብናስገባት ሜዲኬር ይከፍልልናል ወይ? የትኛውስ ይሻላል?» አዲስ አበባ ያላችሁም አንብቡት፤ የወላጅ ቤት ይሸጥ አይሸጥ የሚለውን ብዙ ጊዜ የምትወስኑት እናንተ ናችሁ፣ ያ ውሳኔ ደግሞ እዚያ ያለውን ክፍያ ይነካል።

አጭሩ መልስ፦ አይከፍልም። ሜዲኬር ሐኪሙን፣ ምርመራውን፣ ሆስፒታሉን ይሸፍናል። ማልበስ፣ ማጠብ፣ ማብላት፣ ሌሊት መጠበቅ ግን ሜዲኬር «ሕክምና» ብሎ የሚቆጥራቸው ነገሮች አይደሉም። ብዙ ሰው የሚሳሳተው «100 ቀን ይከፍላል» የሚለውን ሰምቶ ነው። እሱ ቢያንስ 3 ቀን ሆስፒታል ተኝተው ከወጡ በኋላ ለማገገሚያ የሚሰጥ ነው። የመጀመሪያዎቹ 20 ቀናት ሙሉ በሙሉ ይሸፈናሉ፤ ከ21ኛው ቀን ጀምሮ በየቀኑ የምትጨምሩት ክፍያ አለ። ሆስፒታል ውስጥ «ለክትትል ነው» ተብለው ያደሩበት ሌሊት ደግሞ ከ3ቱ ቀን አይቆጠርም። ስለዚህ እናታችሁ ሆስፒታል ሲገቡ «አድሚት ተደርገዋል ወይስ ለክትትል ነው?» ብላችሁ በግልጽ ጠይቁ።

ወደ ገንዘቡ ከመግባታችን በፊት ግን አንድ የሐኪም ጉዳይ። የሚረሳ ሰው ሁሉ አልዛይመር የለበትም። የታይሮይድ ችግር፣ የቫይታሚን ቢ12 እጥረት፣ ድባቴ፣ የጆሮ መድከም፣ የሽንት ኢንፌክሽን፣ እነዚህ ሁሉ አእምሮን ሊያዛቡ ይችላሉ፣ የሚታከሙም ናቸው። ማታ እንዲተኙ ተብሎ ከፋርማሲ ያለ ማዘዣ የሚገዛው ቤናድሪልም እንደዚያው። በተለይ በሁለትና በሦስት ቀን ውስጥ ድንገት የመጣ መዘባረቅ ሜሞሪ ኬር የሚያስፈልግ ምልክት ሳይሆን ቶሎ ሐኪም ቤት የሚያስሄድ ነገር ነው። ምርመራው ደግሞ በአማርኛ ይሁን። ፊደል ያልቆጠሩ እናት በእንግሊዝኛ ሰዓት ሳሉ፣ ቃላት ድገሙ ሲባሉ ቢያቅታቸው ምን ይገርማል? የልጅ ልጅ እንዲያስተረጉም አታድርጉ፤ ልጁ አያቱ እንዳታፍር ብሎ መልሱን ያሳምረዋል። የፌዴራል ገንዘብ የሚቀበል ሆስፒታል ሁሉ በነጻ አስተርጓሚ የማቅረብ ግዴታ አለበት፤ ቀጠሮ ስትይዙ ጠይቁ።

እሺ፣ ምርመራው አልቆ የመርሳት በሽታ ነው ተባለ እንበል። ሲያትል ላይ በዋናነት ሦስት መንገድ አለ። አንደኛው ትልቁ ሜሞሪ ኬር ነው፤ በሩ በኮድ የሚከፈት፣ ብዙ ነዋሪ ያለበት፣ በወር ከ7,000 እስከ 10,000 ዶላር መጠየቅ የተለመደበት። ሁለተኛው አደልት ፋሚሊ ሆም የሚባለው ነው። ተራ መኖሪያ ሰፈር ውስጥ ያለ ቤት ሆኖ ብዙውን ጊዜ እስከ 6 ሰው የሚይዝ፣ ከግዛቱ ፈቃድ ያለው ነው። እዚያ ያላችሁ እንደምታውቁት ብዙዎቹን የከፈቱት የእኛው አገር ሰዎች ናቸው። ሦስተኛው ቤት ሆኖ መንከባከብ ነው፤ ዋሽንግተን ግዛት ውስጥ ሜዲኬይድ ያላቸውን ወላጅ የሚንከባከብ ልጅ ሥልጠናውን ወስዶ ደሞዝ ሊከፈለው እንደሚችል የማያውቁ ቤተሰቦች ብዙ ናቸው። ሁለት ሥራ ከመሮጥ አንዱን በዚህ መተካት ለአንዳንድ ቤት የተሻለ ስሌት ነው።

ለረጅም ጊዜ እንክብካቤ የሚከፍለው እንግዲህ ሜዲኬይድ ነው። ለአንድ ያላገባ ወይም የትዳር ጓደኛው ለሞተበት ሰው የንብረት ጣሪያው 2,000 ዶላር ነው፤ የሚኖሩበት ቤት በአብዛኛው ለብቻው ይታያል፣ ባል ወይም ሚስት በሕይወት ካሉ ደግሞ ለእሳቸው ከዚያ በጣም የሚበልጥ ይተዋል። የግዛቱ ሠራተኛ መጥቶ ምን ያህል እርዳታ እንደሚያስፈልጋቸው ይገመግማል። እዚህ ላይ እባካችሁ እውነቱን ተናገሩ! እናቶቻችን እንግዳ ሲመጣ ተነስተው ቡና ካላፈላሁ የሚሉ ናቸው። ልጅም ገመና መሸፈን ይወዳል፤ «እማዬ ደህና ናት፣ ትንሽ ትረሳለች እንጂ» ይላል። ገምጋሚው የሚጽፈው የሰማውን ነው፣ የሚፈቀደው ሰዓትና ክፍያ ደግሞ በእሱ ነው የሚሰላው። ሽንት የሚያመልጣቸው ከሆነ፣ ምድጃ ለኩሰው የሚረሱ ከሆነ፣ ቀኑን ጽፋችሁ ያዙና አንብቡለት።

ከባዱ ነገር የግሪን ካርድ ጉዳይ ነው። ወላጆቻችሁን በቅርቡ ያመጣችሁ ከሆነ በአብዛኛው 5 ዓመት እስኪሞላቸው መደበኛውን ሜዲኬይድ አያገኙም። ሜዲኬርንም 65 ዓመት የሞላቸውና 5 ዓመት የኖሩ ሰዎች በክፍያ መግባት ይችላሉ፣ ግን የሥራ ታሪክ ለሌለው ሰው ፓርት ኤ ብቻ እ.ኤ.አ. በ2025 በወር እስከ 518 ዶላር ነበር። ግዛቱ ዜግነት ለሌላቸው በራሱ ገንዘብ የሚያስኬደው አነስተኛ ፕሮግራም አለው፤ ቦታው ውስን ስለሆነ ቀድሞ ማመልከት ይጠቅማል። በስደተኝነትና በጥገኝነት የመጡትን በተመለከተ የ2025ቱ የፌዴራል ሕግ ብዙ ነገር ስለቀየረ የጎረቤትን የድሮ ልምድ ይዛችሁ አትወስኑ።

አሁን ወደ አዲስ አበባው ቤት ልምጣ። በእናታችሁ ስም ያለ ቤት ኢትዮጵያ ውስጥ ስለሆነ የለም ማለት አይደለም፤ ማመልከቻው ላይ መጻፍ አለበት። «ቶሎ ብለን ወደ ወንድማችን ስም እናዙረው» የሚል ምክር ከሰማችሁ ቆም በሉ። ሜዲኬይድ 5 ዓመት ወደ ኋላ ሄዶ በስጦታ ወይም ከዋጋ በታች የተላለፈ ንብረትን ያያል፤ ካገኘ ለተወሰነ ጊዜ ክፍያ ሊከለክል ይችላል። ማለትም ቤቱም ሄደ፣ እንክብካቤውም አልተከፈለም። ንብረት ያለው ቤተሰብ ከማንኛውም ፊርማ በፊት የአረጋውያን ሕግ ላይ የሚሠራ ጠበቃ ለአንድ ሰዓት ከፍሎ ቢያማክር ገንዘቡ አይባክንበትም።

ብዙዎቻችሁ ከደሞዛችሁ ስለሚቆረጠው ደብሊው ኤ ኬርስም ትጠይቃላችሁ። ከሐምሌ 2023 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ 0.58 በመቶ የሚቆረጠው ማለቴ ነው። እስከ 36,500 ዶላር ተብሎ የተነገረው ጥቅም ለከፈለው ሠራተኛ ለራሱ ነው እንጂ ለእናቱ አይደለም።

ምርጫው ላይ እኔ ከሥዕልና ከምንጣፍ ይልቅ ሌሊቱን ነው የማየው። በመርሳት በሽታ ብዙ ጊዜ ቀድሞ የሚሸሸው ዘግይቶ የተማሩት ቋንቋ ነው። 20 ዓመት እንግሊዝኛ የተናገሩ አባት አንድ ቀን አማርኛ ብቻ ይቀራቸዋል። እናት ደግሞ ከሌሊቱ 10 ሰዓት ተነስተው፣ ነጠላቸውን አጣፍተው በሩ ላይ ይቆማሉ። ኪዳን ሊያደርሱ ነው። ይህን ለማያውቅ ሠራተኛ ግን መረበሽ ነው፣ መዝገብ ላይ ይጻፋል፣ ከዚያ ማረጋጊያ መድኃኒት ይታዘዛል። በዚህ ምክንያት የሚሰጡ የአእምሮ ሕመም መድኃኒቶች የመርሳት በሽታ ባለባቸው አረጋውያን ላይ የሞት አደጋን እንደሚጨምሩ የአሜሪካ የመድኃኒት ተቆጣጣሪ ከ2005 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ያስጠነቅቃል። አንዳንዴ የሚያስፈልጉበት ጊዜ አለ፤ ግን «ለምን ተነሱ?» ተብሎ በአማርኛ ሳይጠየቁ መሆን የለበትም። ረቡዕና ዓርብ እንቁላልና ወተት ሲመልሱ «ምግብ እምቢ አሉ» ተብሎ እንዳይጻፍ ጾሙን ለቤቱ አስረዱ፤ ክብደታቸው እየቀነሰ ከሆነ ደግሞ የንስሐ አባታቸው እንዲያነጋግሯቸው አድርጉ፣ ከሐኪም ይልቅ እሳቸውን ይሰማሉ። ሙስሊም ወላጆችም ጋ የረመዳንና የሐላል ነገር እንደዚሁ ነው።

ሲጎበኙ አንዴ በቀጠሮ፣ አንዴ ደግሞ አመሻሽ ላይ ሂዱ። ማታ ስንት ሰው ነው የሚያድረው? ነቅቶ ነው ወይስ ተኝቶ? ቤቱ የመርሳት በሽታ ላለባቸው የተለየ ሥልጠና ማረጋገጫ አለው? የፍተሻ ሪፖርቶቹን ዲ.ኤስ.ኤች.ኤስ ድረ ገጽ ላይ አስቀምጧቸዋል፤ ባለቤቱ ዘመድ ቢሆን እንኳ አንብቡት። አበሻ መሆኑ ብቻውን ዋስትና አይደለም። ከሁሉም በላይ ግን ይህን ጠይቁ፦ «የግል ገንዘባችን ሲያልቅ በሜዲኬይድ ታቆዩአቸዋላችሁ? መጀመሪያ ስንት ወር በግል መክፈል አለብን?» መልሱን በጽሑፍ ተቀበሉ። አንዳንድ ቦታ ሜዲኬይድ ጨርሶ አይቀበልም፣ አንዳንዱ የሚቀበለው ሁለት ዓመት በግል ከተከፈለ በኋላ ነው። ቦታውን ለምደው፣ የሠራተኛዋን ስም ይዘው ከቆዩ በኋላ መነቀል ለዚህ በሽታ በጣም ከባድ ነው። ትንሽ ያማረ ቤት ትቼ የሚያቆያቸውን እመርጣለሁ።

«እናቱን አውጥቶ ጣለ» የሚለውን ወሬ በተመለከተ፣ የሚያወራው ሰው ሌሊቱን መጥቶ የሚያድርላችሁ ከሆነ አድምጡት።

ቤቱን ገና ባትመርጡም በዚህ ሳምንት የሚሠራው ውክልና ነው። እናታችሁ የሚፈርሙትን ነገር መረዳት እስከቻሉ ድረስ የጤናም የገንዘብም ውክልና መስጠት ይችላሉ፤ ያ ጊዜ ካለፈ ፍርድ ቤት ሄዶ ሞግዚትነት መጠየቅ ይመጣል፣ ወጪውም ጊዜውም ሌላ ነው። ብዙዎቹ ጠዋት ጠዋት ይሻላቸዋልና ቀጠሮውን ጠዋት አድርጉት፣ ሐኪማቸውም መረዳት እንደሚችሉ ደብዳቤ እንዲጽፍላቸው ጠይቁ። ለአዲስ አበባው ቤት የአሜሪካው ወረቀት ብቻውን ስለማይበቃ በኤምባሲ ወይም በቆንስላ በኩል የተረጋገጠ ውክልና ለየብቻ አሠሩ። ማን ጋ ልደውል ለምትሉ፣ የአልዛይመርስ አሶሲዬሽን መስመር 1-800-272-3900 ሌት ተቀን ይሠራል፤ ስታገኟቸው «አማርኛ አስተርጓሚ» በሉ።

በሚቀጥለው ጽሑፍ ሌሊት የሚነሱ አረጋውያንን ያለ መድኃኒት እንዴት ማረጋጋት እንደሚቻል አያለሁ።