ከአተር መደብ የተገኘ የዕድል ሒሳብ

እኛ የአርት ፋኩልቲ ተማሪዎች ስለ ዘር ውርስ ስንጽፍ የሳይንስ ፋኩልቲ ጓደኞቻችን ፈገግ እንደሚሉ እናውቃለን። ይሁን እንጂ ልጅ ከወላጁ ምን ይወርሳል የሚለው ጥያቄ የሁሉም ሰው ጥያቄ ስለ ሆነ፣ የተረዳነውን ያህል ለመግለጽ ደፍረናል።

ግሬጎር ሜንዴል ዛሬ በቼክ ሪፑብሊክ በምትገኘው በብርኖ ከተማ የሚኖር መነኩሴ ነበር። እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ከ1856 እስከ 1863 ድረስ በገዳሙ አትክልት ቦታ አተር እየዘራ መረመረ። አተር በራሱ ብናኝ የሚፀንስ ተክል ስለ ሆነ፣ አበባው ሳይጎመራ የወንዴውን ክፍል እያወጣ የሌላውን አተር ብናኝ ያደርግበት ነበር።

ዘወትር ድቡልቡል ፍሬ የሚሰጠውን አተር ዘወትር ጭምድድ ከሚሰጠው ጋር ባዳቀለ ጊዜ የተገኘው ፍሬ ሁሉ ድቡልቡል ሆነ። ጭምድዱ ፈጽሞ የጠፋ መሰለ። ነገር ግን እነዚህኑ ዘርቶ በራሳቸው እንዲራቡ ቢተዋቸው 5474 ድቡልቡልና 1850 ጭምድድ ፍሬ ለቀመ፤ ይኸውም ሦስት ለአንድ ያህል ነው።

ምክንያቱ እንዲህ ነው። ተክሉ ለዚህ ባሕርይ ሁለት ጂን አለው፤ አንዱ ከእናት፣ አንዱ ከአባት የመጣ። አሸናፊውን «ድ»፣ ተሸናፊውን «ጭ» እንበል። የመጀመሪያው ትውልድ ሁሉ «ድጭ» ነው። «ድጭ» ለልጁ የሚያወርሰው ከሁለቱ አንዱን ብቻ ሲሆን፣ የትኛው እንደሚደርስ ሳንቲም ወርውሮ ዘውድ ወይስ ጎፈር እንደ ማለት ነው። ጭምድድ የሚሆነው ከሁለቱም ወገን «ጭ» የደረሰው ብቻ ስለ ሆነ፣ ዕድሉ ግማሽ በግማሽ ሲባዛ ሩብ ይሆናል።

ሁለት ባሕርያት አንዱ በሌላው ሳይመራ ሲወረሱም ዕድሎቹን ማባዛት ነው። ጭምድድ የመሆን ዕድል ሩብ፣ አረንጓዴ የመሆን ዕድል ሩብ ከሆነ፣ ሁለቱንም የመሆን ዕድል ከ16 አንድ ነው። ሜንዴል ከለቀማቸው 556 ፍሬዎች ሒሳቡ 35 ያህል ይጠብቃል፤ እርሱ ያገኘው 32 ነው።

እንግዲህ አራት ፍሬ ብንለቅም አንዱ የግድ ጭምድድ ይሆናልን? አይሆንም። አራቱም ድቡልቡል የመሆናቸው ዕድል ሦስት አራተኛ አራት ጊዜ በራሱ ተባዝቶ ከመቶ 32 ያህል ነው። ሳንቲም ያለፈውን አያስታውስም፤ ሦስት ለአንድ የሚታየው ብዙ ሲቈጠር ነው።

ይህ ነገር ከአተር አልፎ ሰውን ይነካል። አብዛኛው አልቢኒዝም እንደ ጭምድዱ አተር በተሸናፊ ጂን ይወረሳል። ምንም ምልክት የማይታይባቸው ባልና ሚስት ሁለቱም ጂኑን ይዘው እንደ ሆነ፣ ለእያንዳንዱ ልጃቸው ዕድሉ ሩብ ነው። እንዲህ ያለ ልጅ ሲወለድ «ከየት አመጣሽው?» ብሎ እናትን ብቻ መጠርጠር ታላቅ በደል ነው፤ ከሁለቱም ነውና። «አንድ ተወልዷል፤ የሚቀጥሉት ሦስቱ ይድናሉ» ማለትም ስሕተት ነው፤ ለሚቀጥለውም ዕድሉ ያው ሩብ ነው።

የሜንዴል ጽሑፍ በ1866 ቢታተምም ዋጋው የታወቀው በ1900፣ እርሱ ከሞተ ከ16 ዓመት በኋላ ነው። እኛ ግን ዕውቀቱ ከደረሰን ወዲያ ጎረቤታችንን በከንቱ ብንወቅስ ምክንያት የለንም።