ቁጥር ከየት ወደ የት ይሄዳል?



ውድ እህትና ወንድሞች፣ ከ1 እስከ 9 ያሉትን ቁጥሮች ወረቀት ሳትይዙ በሐሳባችሁ ደርድሩ። 1 በየት በኩል ቆመ? «በግራ ነዋ! ሌላ የት ሊቆም?» የሚል ሰው ጥቂት ያንብብልኝ።

እ.ኤ.አ. በ1993 ስታኒስላስ ደሃንና ባልደረቦቹ በፈረንሳይ ሰዎችን «ይህ ቁጥር ተጋማሽ ነው ወይስ ኢ-ተጋማሽ?» እያሉ ቁልፍ አስጫኗቸው። ለትንንሾቹ ቁጥሮች ግራ እጅ፣ ለትልልቆቹ ቀኝ እጅ ፈጠነ። በ2009 ደግሞ ሻኪ፣ ፊሸርና ፔትሩሲክ ሦስት ሕዝቦችን አነጻጸሩ። የካናዳውያን ቁጥር ከግራ ወደ ቀኝ ሲያድግ፣ ዐረብኛ የሚያነቡት ፍልስጤማውያን ከቀኝ ወደ ግራ ሆነ። ቃልን ከቀኝ፣ ቁጥርን ከግራ በሚያነቡት እስራኤላውያን ላይ ግን ግልጽ አቅጣጫ አልታየም።

ነገሩ ሁሉ ከንባብ ነው ማለት ግን አይደለም፤ በ2015 ሩጋኒና ባልደረቦቿ የ3 ቀን ጫጩቶች እንኳ ትንሹን ብዛት በግራ፣ ትልቁን በቀኝ እንደሚፈልጉ አሳይተዋል። ንባብ ያንን ዝንባሌ ያጠነክረዋል ወይም ይገለብጠዋል።

አሁን ወደ እኛ እንምጣ። ጋይንት፣ ስማዳ ወይም እስቴ መድረሳም ትምህርት ቤትም የሚሄድ ልጅ ሙስሐፉን ሲገልጥ ፋቲሓ በቀኝ ጫፍ፣ ሱረቱ ናስ በግራ ጫፍ ናቸው። የሒሳብ መጽሐፉ የሚከፈተው በተቃራኒው ነው። 23ን በአማርኛ «ሃያ ሦስት» ይላል፤ በዐረብኛ «ሰላሰቱን ወዒሽሩን»፣ ሦስትና ሃያ። በግዕዝም ፳፫ ሃያውን ያስቀድማል። (የግዕዝ ፊደል የተገኘበት የደቡብ ዐረቢያ ጽሕፈት ራሱ በብዛት ከቀኝ ወደ ግራ ነበር!)

ይህ ልጅ የቁጥር መስመር አስምር ሲባል 0ን በቀኝ ጫፍ አድርጎ ወደ ግራ 1፣ 2፣ 3 ቢል ቅደም ተከተሉም ርቀቱም ልክ ነው። ችግሩ የሚመጣው መምህሩ «ስትደምር ወደ ቀኝ ሂድ» ሲል ነው። ልጁ ታዞ ወደ ቀኝ ይሄዳል፤ 5 ላይ 2 ሲደምር 3 ላይ ይደርሳል፤ «ሒሳብ አይገባውም» ይባላል።

ስለዚህ ክረምት አገር ቤት ገብተን ታናናሾቻችንን ስናስጠና «ወደ ቀኝ» ከማለት «ወደሚበልጠው» እንበል። ከዚያ የትምህርት ቤቱን አቅጣጫ እንደ ስምምነት እናሳያቸው፤ ፈተናው የሚታረመው በእሱ ነውና። ኋላ የኤክስ ዘንግ ሲመጣም አይደናገሩም፤ እኛ ኢንጂነሪንግ ክፍል ውስጥ አዎንታዊውን አቅጣጫ እንደ ጥያቄው ራሳችን እየመረጥን አይደል የምንሠራው?

ወላሁ አዕለም።